በከርባል ስፔስ ፕሮግራም የፕላኔቶችን ሳይንሳዊ ልኬት መሰብሰብ፦ ከዝግጅት እስከ ርክክብ ዝርዝር መመሪያ

በዚህ የጠፈር ጉዞ ጌም ውስጥ የመነሻ ፕላኔቱ የከርቢን ጨረቃ በሆነው ሙን ላይ አርፈው በሰላም የተመለሱ ብዙ ተጫዋቾች ይዘውት የሚገቡት የሳይንስ ነጥብ ከአንድ ጉዞ ሊገኝ ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው። በረራው ተሳክቶ ሳለ ነጥቡ የሚጠፋው ልኬቱ የት እንደሚቆጠር፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ካፕሱሉ መግባት እንዳለበት አስቀድሞ ባለመታሰቡ ነው። ይህ መመሪያ ምህዋር መግባት ለሚችል፣ ነገር ግን የምርምር ማዕከሉ ነጥብ አልሞላ ላለው ተጫዋች የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተው የመጀመሪያውን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም፣ ቨርዥን 1.12ን፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ሞድ (ሌሎች የሠሩት የጌም ማሻሻያ) ነው፤ በሁለተኛው ጌም የሳይንስ አሰራሩ ስለሚለይ ለእሱ አያገለግልም።

ደረጃ 1፦ ነጥቡ የሚቆጠርበትን ሕግ ይወቁ

መንኮራኩር መሥራት ከመጀመርዎ በፊት ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

ጌሙ አንድን ልኬት «አዲስ» ብሎ የሚቀበለው ሦስት ነገሮችን አይቶ ነው፦ በየትኛው መሣሪያ እንደተወሰደ፣ መንኮራኩሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ፣ እንዲሁም ለተወሰኑ መሣሪያዎች ብቻ በየትኛው ባዮም (እንደ ዋልታ፣ ጉድጓድ ወይም ሜዳ ያለ የገጽታ ክፍል) ላይ እንደነበረ። ሁኔታዎቹ ስድስት ናቸው፤ እነሱም መሬት ላይ ማረፍ፣ ውሃ ላይ ማረፍ፣ ዝቅተኛ በረራ፣ ከፍተኛ በረራ፣ ቅርብ ጠፈርና ሩቅ ጠፈር ናቸው። ወሰናቸው ከፕላኔት ፕላኔት ይለያያል።

- ከርቢን፦ ዝቅተኛ በረራ እስከ 18 ኪሎ ሜትር፣ ከባቢ አየሩ የሚያበቃው 70 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሩቅ ጠፈር የሚጀምረው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ።
- ሙን፦ አየር የለውም፤ ሩቅ ጠፈር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ።
- ሚንመስ (የከርቢን ሁለተኛ ጨረቃ)፦ አየር የለውም፤ ሩቅ ጠፈር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ።
- ዱና፦ ዝቅተኛ በረራ እስከ 12 ኪሎ ሜትር፣ አየሩ እስከ 50 ኪሎ ሜትር፣ ሩቅ ጠፈር ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ።
- ኢቭ፦ ዝቅተኛ በረራ እስከ 22 ኪሎ ሜትር፣ አየሩ እስከ 90 ኪሎ ሜትር፣ ሩቅ ጠፈር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ።

እያንዳንዱ መሣሪያ መነሻ ነጥብ አለው፤ ይህም በቦታው ማባዣ ይባዛል። ማባዣው ለከርቢን መሬት 0.3፣ ለከርቢን ቅርብ ጠፈር 1፣ ለሩቅ ጠፈሩ 1.5 ነው። የሙን መሬት 4፣ ቅርብ ጠፈሩ 3፣ ሩቅ ጠፈሩ 2 ነው። የሚንመስ መሬት 5፣ ቅርብ ጠፈሩ 4፣ ሩቅ ጠፈሩ 2.5 ነው። ለምሳሌ የሚስተሪ ጉ (ዝልግልግ ነገር የያዘ መመርመሪያ መሣሪያ) መነሻ 10 ስለሆነ ከሙን መሬት ተወስዶ ከርቢን ሲደርስ 40 ነጥብ ይሰጣል። ያንኑ ልኬት ከዚያው ባዮም በሌላ ጉዞ ደግመው ቢያመጡ ግን የሚቀርልዎት 9 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ባዮም ወይም አዲስ ሁኔታ ሁልጊዜ ድጋሚ ልኬትን ይበልጣል።

የትኛው መሣሪያ በየትኛው ሁኔታ ባዮምን ለይቶ እንደሚቆጥር የሚከተለውን ይያዙ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

- ክሩ ሪፖርት (ጠፈርተኛው ካፕሱሉ ውስጥ ሆኖ የሚያደርገው ሪፖርት) እና ቴርሞሜትር፦ መሬት ላይ፣ ውሃ ላይና በዝቅተኛ በረራ ባዮም ይለያሉ። ጠፈር ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራሉ።
- ኢቪኤ ሪፖርት (ጠፈርተኛው ከካፕሱሉ ወጥቶ የሚያደርገው ሪፖርት)፦ ከእነዚህ በተጨማሪ በቅርብ ጠፈርም ባዮም ይለያል።
- ባሮሜትር፣ ሚስተሪ ጉ እና ሳይንስ ጁኒየር (የቁሳቁስ መመርመሪያው)፦ ባዮም የሚለዩት መሬት ወይም ውሃ ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። ባሮሜትሩ አየር በሌለበት ሙን ላይም ስለሚቆጠርልዎት አይተዉት።
- የስበት መለኪያ፦ መሬት ላይ፣ ውሃ ላይ፣ በቅርብ ጠፈርና በሩቅ ጠፈርም ባዮም ይለያል። አየር ውስጥ ሲበሩ አይሠራም።
- የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ፦ የሚሠራው መሬት ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው።
- የከባቢ አየር መመርመሪያ፦ የሚሠራው አየር ባለው ፕላኔት ላይ፣ በበረራና መሬት ላይ ሲሆን በሁሉም ባዮም ይለያል።
- ሰርፌስ ሳምፕል፦ ጠፈርተኛው ራሱ ወርዶ የሚያነሳው የአፈር ናሙና ነው፤ በእያንዳንዱ ባዮም አንድ ጊዜ ይቆጠራል።

የሙን መሬት ላይ ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ (ከከባቢ አየር መመርመሪያው በቀር) በአንድ ባዮም ቢለኩና ውጤቱን ሁሉ ከርቢን ቢያደርሱ 552 ነጥብ ያገኛሉ። ከዚህ ውስጥ 120ው ከአፈር ናሙናው፣ 100ው ከሳይንስ ጁኒየር፣ 160ው ደግሞ ከስበትና ከመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎቹ ነው። ሁሉም መሣሪያዎች ገና ባይከፈቱልዎትም የአፈር ናሙናው ብቻውን ጉዞውን ያስከፍላል።

ደረጃ 2፦ ሕንፃዎቹንና መንኮራኩሩን ያዘጋጁ

*ሕንፃዎች።* ገንዘብና ሕንፃ ማሳደግ በሌለበት የሳይንስ ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) የሚጫወቱ ከሆነ ይህን አንቀጽ ይለፉት። በካሪየር ሞድ ግን የምርምርና ልማት ማዕከሉን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ካላሳደጉ የአፈር ናሙና ማንሳት አይቻልም። የአስትሮናውት ኮምፕሌክሱን ካላሳደጉ ደግሞ ጠፈርተኛዎ ከከርቢን መሬት ውጭ ከካፕሱል አይወጣም። ገንዘብዎ ለሁለቱም እስኪበቃ ድረስ ወደ ሙን ባይሄዱ ይሻላል፤ ሙን ላይ አርፎ ከበር መውጣት አለመቻል ሙሉ ጉዞን ያባክናል።

*ሰው።* ቢያንስ አንድ ሳይንቲስት ይያዙ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጠፈርተኞች መካከል ሳይንቲስቱ ቦብ ከርማን ነው። ይህ የምርጫ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ሚስተሪ ጉና ሳይንስ ጁኒየር ውጤታቸው አንዴ ከወጣ በኋላ ሥራ ያቆማሉ፤ እንደገና እንዲሠሩ ማድረግ የሚችለው ሳይንቲስት ወይም የምርምር ላብ ብቻ ነው። ቦብ ካለ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይበቃል። ቦብ ከሌለ ለሙን ሩቅ ጠፈር፣ ቅርብ ጠፈርና መሬት ብቻ ሦስት ሦስት መጫን ይኖርብዎታል፤ አንዱ ሳይንስ ጁኒየር 200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ክብደቱ ቀላል አይደለም። ከቦብ ጋር አብራሪ ያስከትሉ፤ አብራሪው ውስጥ ሆኖ መንኮራኩሩን አቅጣጫ ሲያስይዝ ቦብ ውጭ ይሠራል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት መቀመጫ ያስፈልጋል።

*አሠራር።* መንኮራኩሩን በሚከተለው ቅደም ተከተል ይገንቡ።

1. ከላይ ካፕሱሉን ከነፓራሹቱ ያስቀምጡ።
2. ከካፕሱሉ ሥር የልኬት ማከማቻውን፣ ማለትም ኤክስፐሪመንት ስቶሬጅ ዩኒት የሚባለውን ክፍል ይግጠሙ።
3. ከማከማቻው ሥር የሙቀት መከላከያ ጋሻውን፣ ከጋሻው ሥር መለያያውን ያድርጉ። ማከማቻው ከጋሻው በላይ መሆኑን ደግመው ይመልከቱ፤ ከጋሻው በታች ከሆነ ሲመለሱ ከነልኬቱ ይጣላል።
4. ከመለያያው በታች ሳይንስ ጁኒየሩን፣ ሚስተሪ ጉውንና ትናንሾቹን መለኪያዎች ይግጠሙ። ጠፈርተኛው ቆሞ ወይም መሰላል ይዞ ሊደርስባቸው በሚችልበት ከፍታ ላይ ይሁኑ።
5. የካፕሱሉ በር ፊት ምንም ዕቃ አይኑር። በር ላይ የተለጠፈ ባትሪ ወይም ፓነል ጠፈርተኛው እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሙን ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው።
6. ቢያንስ አንድ የሚላክበት አንቴና፣ ባትሪና የፀሐይ ፓነል ይጨምሩ። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው አንቴና ለግንኙነት እንጂ ልኬት ለመላክ አያገለግልም።
7. እግሮቹን በሰፊው ዘርጉ፤ ቁመቱ አጭር፣ መሠረቱ ሰፊ የሆነ መንኮራኩር በተዳፋት ላይ በቀላሉ አይገለበጥም።

*ነዳጅ።* ከከርቢን መሬት ወደ ዝቅተኛ ምህዋር 3400 ሜትር በሰከንድ፣ ከዚያ ወደ ሙን 860፣ ሙን ምህዋር ለመግባት 310፣ ለማረፍ 580፣ ለመነሳት 580፣ ወደ ከርቢን ለመመለስ 310 ያስፈልጋል። ድምሩ ከ6000 በላይ ነው። በግንባታ ሕንፃው የሚታየው ዴልታ ቪ (መንኮራኩሩ በነዳጁ ሊያደርገው የሚችለው የፍጥነት ለውጥ) ከዚህ ቢያንስ አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ካልሆነ ነዳጅ ይጨምሩ።

ደረጃ 3፦ መነሻ ሰሌዳው ላይ ይሞክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ተጫዋቾች ናቸው በኋላ የሚቸገሩት። ማስነሻ ሮኬቱን ትተው የሚያርፈውን ክፍል ብቻ መነሻ ሰሌዳ ላይ ያቁሙትና ሙሉውን የሙን ሥራ እዚያው ይሥሩ።

1. እያንዳንዱን መሣሪያ በቀኝ ክሊክ ከፍተው ያስነሱና «ኪፕ ኤክስፐሪመንት» የሚለውን ይጫኑ።
2. ቦብን አስወጥተው ወደ ሳይንስ ጁኒየሩና ወደ ሚስተሪ ጉው ይውሰዱት፤ ልኬቱን ይውሰድ፣ መሣሪያውንም እንደገና ዝግጁ ያድርግ። ካልደረሰበት መሣሪያውን ዝቅ ያድርጉ ወይም መሰላል ይጨምሩ።
3. ቦብ ወደ ካፕሱሉ ሲመለስ የያዘው ልኬት ካፕሱሉ ውስጥ መግባቱን በካፕሱሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ያረጋግጡ።
4. መንኮራኩሩን ያስረክቡ።

መነሻ ሰሌዳው ራሱ እንደ አንድ ባዮም ስለሚቆጠር ከሙከራው ነጥብ ያገኛሉ። መንደርደሪያውና በጠፈር ማዕከሉ ያሉ ሕንፃዎችም የየራሳቸው ባዮም አላቸው፤ ማባዣው 0.3 ብቻ ስለሆነ ግን ጀማሪ ካልሆኑ ጊዜዎን አይፈጁባቸው።

ደረጃ 4፦ በከርቢን ዙሪያ

ወደ ሙን ለመሄድ በተነሱበት በረራ የከርቢን አየር ውስጥ ልኬት ለመውሰድ አይሞክሩ። ሮኬቱ ፈጥኖ ስለሚያልፍ አቅጣጫ ይስታል፤ ትርፉም ትንሽ ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን በረራ በሌላ ቀን በትንሽ ሮኬት ወይም በአውሮፕላን ይለኩት።

ምህዋር ከገቡ በኋላ ከ70 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ባለው የቅርብ ጠፈር ሁሉንም መሣሪያ አንድ ጊዜ ያስነሱ። ወደ ሙን የሚወስደው ማስነሻ ካበቃና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ 250 ኪሎ ሜትር ሲያልፉ ለሩቅ ጠፈር ይድገሙት። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያዎቹ እንደገና እንዲሠሩ ቦብ ወጥቶ ልኬቱን መውሰዱን አይርሱ።

ደረጃ 5፦ በሙን ዙሪያ

*ሩቅ ጠፈር።* ወደ ሙን የስበት ክልል እንደገቡ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እያሉ ሁሉንም መሣሪያ ያስነሱ። ፍሬን የሚይዙበት ሰዓት ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛ ይህን አስቀድመው ይጨርሱት። ከዚያ ቦብን አስወጥተው ልኬቱን ያሰብስቡ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች (ሚስተሪ ጉንና ሳይንስ ጁኒየርን) እንደገና ያዘጋጁ።

*ቅርብ ጠፈር።* ለነጥብ ፈላጊ ከሁሉም የሚጠቅመውና በብዛት የሚዘነጋው ቦታ ይህ ነው። ኢቪኤ ሪፖርትና የስበት ልኬት እዚህ በየባዮሙ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ኢቪኤ ሪፖርት 24 ነጥብ፣ አንዱ የስበት ልኬት 60 ነጥብ ነው። ሳያርፉ፣ ነዳጅ ሳይጨርሱ በምህዋር ብቻ ከመቶዎች በላይ ነጥብ ይሰበሰባል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ገና ከሙን ርቀው ሳሉ በትንሽ ማስተካከያ በሰሜን ወይም በደቡብ ዋልታው በላይ እንዲያልፉ ያድርጉ። ቀርበው ከሚያደርጉት ይልቅ ይህ እጅግ ርካሽ ነው። የወገብ ምህዋር ሁልጊዜ በዚያው መስመር ስለሚያልፍ ዋልታዎቹንና በርካታ ጉድጓዶችን አያገኝም።
2. 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ክብ ምህዋር ይግቡ። የሙን ከፍተኛ ተራራ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከዚህ በጣም ዝቅ ማለት አያስፈልግም። አንዱ ዙር ወደ 42 ደቂቃ ይፈጃል።
3. ሁሉንም መሣሪያ አንድ ጊዜ ያስነሱ።
4. ቦብ በሩ ላይ ያለውን መያዣ እንደጨበጠ፣ ሳይለቅ ኢቪኤ ሪፖርት ያድርግ። የሪፖርቱ ርዕስ የባዮሙን ስም ይነግርዎታል።
5. ባዮሙ ሲቀየር እንደገና ሪፖርት ያድርግ። የተለያየ ባዮም ሪፖርት አንድ ላይ መያዝ ይችላል፤ የአንዱን ባዮም ሁለት ጊዜ ግን አይዝም።
6. ጊዜ ማፋጠን ሲፈልጉ መጀመሪያ ቦብን ያስገቡ። ሲገባ ሪፖርቶቹ ሁሉ ካፕሱሉ ውስጥ ይቀመጣሉ።
7. የስበት መለኪያውን በየባዮሙ ያስነሱና ልኬቱን በማከማቻው በኩል ይሰብስቡ። መለኪያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ልኬት ብቻ ስለሆነ ሳይሰበስቡ ደግመው ካስነሱት የመጀመሪያው ይሰረዛል።

ሙን ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ በስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ባለ መስመር ያልፋል፤ ትዕግሥት ካለዎት መላውን ገጽታ ያዳርሳሉ።

ደረጃ 6፦ መሬት ላይ

ብርሃን ባለበትና ሜዳማ በሆነ ቦታ ይረፉ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ መንኮራኩሩ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያ «ኤፍ 5»ን ተጭነው ያስቀምጡ፤ ችግር ቢፈጠር «ኤፍ 9»ን ለጥቂት ጊዜ ተጭነው በመያዝ ወደዚህ ይመለሳሉ። ቦብ መሰላል ላይ እያለ ጌሙ ማስቀመጥ ስለማይፈቅድ ይህን ከመውጣቱ በፊት ያድርጉት።

1. ከካፕሱሉ ክሩ ሪፖርት ያውጡ።
2. ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትር፣ የስበትና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎቹን ያስነሱ።
3. ሚስተሪ ጉና ሳይንስ ጁኒየርን ያስነሱና «ኪፕ ኤክስፐሪመንት» ይበሉ።
4. ቦብን ያስወጡ። እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ኢቪኤ ሪፖርት ያድርግ።
5. እዚያው ቆሞ የአፈር ናሙና ያንሳ።
6. ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ሄዶ ልኬቱን ይውሰድ፣ ሁለቱን መሣሪያዎችም ያዘጋጅ።
7. ወደ ካፕሱሉ ይመለስ።
8. በካፕሱሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው የተከማቸውን ዝርዝር ይቁጠሩ። ከዚህ ማረፊያ ዘጠኝ ልኬቶች ሊኖሩ ይገባል።

ተራ ቁጥር 4 ላይ ልብ ይበሉ። ቦብ በጄትፓኩ እየተንሳፈፈ ወይም እየዘለለ እያለ ሪፖርት ካደረገ ጌሙ የሚቆጥረው እንደ መሬት ሳይሆን እንደ ቅርብ ጠፈር ነው። በስህተት ሲሆን የመሬቱን ሪፖርት ያሳጣዎታል፤ በፈቃድ ሲያደርጉት ግን ይጠቅማል። የመሬቱን ሪፖርት ከያዘ በኋላ ቦብን አንድ ጊዜ ያስዘልሉትና አየር ላይ እያለ ሁለተኛ ሪፖርት ያስይዙት፤ የዚያን ባዮም የቅርብ ጠፈር ሪፖርት ከምህዋር ላይ አምልጦዎት ከነበረ ያገኙታል።

ክሩ ሪፖርቱን በተመለከተ ካፕሱሉ ራሱ እንደ መሣሪያ አንድ ሪፖርት ብቻ ይይዛል። ወደ ሌላ ባዮም ከመሄድዎ በፊት ወይ ይላኩት፣ ወይም ቦብ ከካፕሱሉ ወስዶ መልሶ ያስገባው።

ደረጃ 7፦ መላክ ወይስ ይዞ መመለስ

በአንቴና ሲላክ የሚደርሰው የነጥብ መጠን በመሣሪያው ይወሰናል።

- ክሩ ሪፖርትና ኢቪኤ ሪፖርት፦ 100 በመቶ
- ቴርሞሜትርና ባሮሜትር፦ 50 በመቶ
- የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ፦ 45 በመቶ
- የስበት መለኪያ፦ 40 በመቶ
- ሳይንስ ጁኒየርና የከባቢ አየር መመርመሪያ፦ 35 በመቶ
- ሚስተሪ ጉ፦ 30 በመቶ
- የአፈር ናሙና፦ 25 በመቶ

ስለዚህ ሁለቱን ሪፖርቶች ወዲያው ይላኩ፤ ምንም አይጎድልባቸውም፣ መንኮራኩሩ ቢጠፋም ተርፈዋል። የቀረውን ሁሉ ይዘው ይመለሱ። ተመልሶ የማይመጣ ሰው አልባ መንኮራኩር ከሆነ ያለዎትን ሁሉ ይላኩ፤ ግማሹም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ ያልተላከው ቀሪ ነጥብ ደግሞ ለወደፊት ጉዞ ይቆይልዎታል።

ከመላክዎ በፊት ባትሪው መሙላቱንና ከርቢን መታየቱን ያረጋግጡ፤ ከሙን ጀርባ ምልክት የለም። የመከታተያ ጣቢያው ገና ካልተሻሻለ ኮሚዩኖትሮን 16 አንቴና የሚደርሰው 31,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ በ12,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላለው ሙን ይበቃል፤ በ47,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላለው ሚንመስ ግን አይበቃም። ሚንመስ ደርሰው «ምልክት የለም» የሚል መልስ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣቢያውን ያሻሽሉ ወይም ጠንካራ አንቴና ይጫኑ።

ደረጃ 8፦ ተመልሶ ማስረከብ

1. ከሙን ሲነሱ የከርቢን ዝቅተኛ ነጥብዎን ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ያድርጉት። ከዚህ ዝቅ ካለ ሙቀቱ ይበረታል፤ በጣም ከፍ ካለ ሳይወርዱ ያልፋሉ።
2. መለያያውን ከመጫንዎ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ዝርዝሩን ይቁጠሩ። ሳይንስ ጁኒየሩ ውስጥ የቀረ ልኬት ካለ ቦብን አስወጥተው ይውሰድ። ይህ መሣሪያ ሙቀት አይችልም፤ ከነልኬቱ ይዘውት ለመግባት አይሞክሩ።
3. መሣሪያዎቹን ከነሞተሩ ይጣሉ፤ ካፕሱሉ፣ ማከማቻውና ጋሻው ብቻ ይቅሩ። ጋሻውን ወደ ፊት አዙረው ይያዙ።
4. የፓራሹቱ ምልክት አደጋ ማሳየቱን እስኪያቆም አይክፈቱት።
5. ካረፉ በኋላ «ሪከቨር ቨስል»ን ይጫኑና የሚመጣውን ዝርዝር ያንብቡ፤ ለቀጣዩ ጉዞ የቀረውን የሚያሳይዎት በምርምር ማዕከሉ ያለው «ሳይንስ አርካይቭስ» ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*መንኮራኩሩ ሙን ላይ ተገለበጠ።* አይበሳጩ፤ የተገለበጠ መንኮራኩርም «ያረፈ» ነው፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ይሠራሉ። ልኬቱን ጨርሰው ካፕሱሉ ውስጥ ያስገቡ፣ ከዚያ እግሮቹን በማጠፍና በመዘርጋት እንዲሁም በካፕሱሉ የማዞሪያ ኃይል ለማቆም ይሞክሩ። ካልተቻለ ሪፖርቶቹን ይላኩና ሌላ መንኮራኩር ይላኩ፤ ቦብ ልኬቱን ከካፕሱሉ ወስዶ ወደ አዲሱ ይዞት መግባት ይችላል።

*ቦብ ልኬቱ ላይ አይደርስም።* «አር»ን ተጭነው ጄትፓኩን ያብሩ፤ ሙንና ሚንመስ ላይ ለመነሳት በቂ ኃይል አለው።

*ልኬቱ ካፕሱሉ ውስጥ አልገባም አለ።* በዚያ ካፕሱል ውስጥ ተመሳሳይ ልኬት አለ ማለት ነው። ሁለተኛውን በማከማቻው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ወይም ለምርምር ላብ ያውሉት።

*መሣሪያው አይሠራም ይላል።* ሚስተሪ ጉ ወይም ሳይንስ ጁኒየር ከሆነ ሳይንቲስት ያስፈልገዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ከሆነ ገና አላረፉም። የስበት መለኪያ ከሆነ አየር ውስጥ እየበረሩ ነው።

*ኃይል አለቀ።* የፀሐይ ፓነሉ ወደ ፀሐይ እስኪዞር ይጠብቁ፤ ሌሊት ላይ ካረፉ ጊዜ ያፋጥኑ።

ከሙን ባሻገር

*ሚንመስ።* እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ ከሙን ይልቅ ሚንመስን አስቀድም ብዬ እመክራለሁ። ከከርቢን ምህዋር ለመሄድ 930፣ ምህዋሩ ለመግባት 160፣ ለማረፍ 180 ሜትር በሰከንድ ብቻ ይበቃል። ስበቱ ከከርቢን 0.05 እጅ ስለሆነ በቀረው ነዳጅ ከባዮም ወደ ባዮም መዝለል ይቻላል። ዘጠኝ ባዮሞች አሉት፤ መሬቱ ላይ እያንዳንዱ እስከ 690 ነጥብ ይሰጣል። ብቸኛው ችግር ምህዋሩ በ6 ዲግሪ ማጋደሉ ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት ሚንመስን ዒላማ አድርገው የምህዋርዎን ዘንበል ከእሱ ጋር ያስተካክሉ። በግሬት ፍላትስ ዓይነት ሜዳዎች ይጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ዳርቻው ተዳፋት ይዝለሉ። በየዝላዩ ሁሉ የደረጃ 6ን ቅደም ተከተል ሳያዛንፉ ይድገሙት፤ መሣሪያዎቹን ሳያዘጋጁ መዝለል ቀጣዩን ባዮም ግማሽ ባዶ ያደርገዋል።

*የምርምር ላብ።* በሚንመስ ወይም በሙን ምህዋር ላይ ላብ ካስቀመጡ አንድ ሳይንቲስት ልኬቶችን ወደ ተጨማሪ ነጥብ ይለውጣል። ላቡ 750 ዳታ ይይዛል፣ እስከ 500 ነጥብም ያጠራቅማል። በላቡ የተሠራ ልኬት አይጠፋም፤ ያንኑ ይዘው ወደ ከርቢን ቢመለሱ ሙሉ ነጥቡን ያገኛሉ። ስለዚህ ከሚንመስ መሬት የሰበሰቡትን መጀመሪያ ላቡ ላይ ያሠሩት፣ ከዚያ ይዘውት ይመለሱ።

*ዱናና ኢቭ።* ወደ ዱና የሚነሱት ዱና ከከርቢን በ44 ዲግሪ ያህል ስትቀድም ነው። የዱና መሬት ማባዣ 8፣ ቅርብ ጠፈሩ 7 ነው። አየር ስላለው የከባቢ አየር መመርመሪያውን ይጫኑ፤ ሲወርዱ ከ50 እስከ 12 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በታች ሌላ ጊዜ ያስነሱት። ቁልቁለቱ ፈጣን ስለሆነ ግንባታ ሕንፃው ከፈቀደልዎት መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ አክሽን ግሩፕ (ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያስነሳ) ቁልፍ ላይ ያድርጓቸው። ኢቭ ላይ ማረፍ ቀላል፣ መነሳት ግን በጣም ከባድ ነው፤ ስበቱ የከርቢን 1.7 እጅ፣ አየሩም ወፍራም ነው። ሰው አይላኩበት። ሰው አልባ መንኮራኩር በጋሻና በፓራሹት ያውርዱ፣ ከመሬቱ የለኩትን ሁሉ በአንቴና ይላኩ፤ ከምህዋር የሚወሰዱትን ልኬቶች ደግሞ ተመልሶ ለሚመጣው እናት መንኮራኩር ይተዉ።